ጥያቄ የሚያበዛን ወንድም «ተሐድሶ ነው» ብሎ ከማገድ በፊት ምን ማድረግ ይገባል?

የቀሃ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ፤ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ።

በጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰዎች ክብር ላለመንካት የደብሩንም ሆነ የማንንም ስም አልጠቅስም። ባለፈው ዓመት ለሥራ ከሌላ አካባቢ ወደ ከተማችን የመጣ አንድ ወጣት በሰንበት ትምህርት ቤታችን ተመዝግቦ መማር ጀመረ። ከመዝሙር ጥናት የማይቀር፣ በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ምንጣፍ እየጠቀለለና እያነጠፈ ሲያገለግል የዋለ ታዛዥ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ በትምህርት ሰዓት ጥያቄ ያበዛል። በተለይም ስለ ቅዱሳን አማላጅነት በተማርንበት ዕለት፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 2 ቁጥር 5 ላይ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ እንደ ሆነ የጻፈውን አንብቦ፣ «ይህ ቃል ዛሬ ከተማርነው ጋር የሚስማማው እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀ። ያስተማሩን መምህር «ይህ የመናፍቃን ጥያቄ ነው» ብለው ወደ ሌላ ርእስ አለፉ። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ አነሣው።

ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ የሚወራው በዛ። አንዱ «ተሐድሶ ነው»፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያንን ከውስጥ ሆኖ ወደ ፕሮቴስታንት ትምህርት ሊለውጥ የሚሠራ ነው፣ ይላል፤ ሌላው «ተልኮ የመጣ ነው» ይላል፤ አብረውት የሚሠሩት ፕሮቴስታንቶች እንደ ሆኑ እንደ ማስረጃ የሚያቀርብም አለ። በመጨረሻ የሥራ አመራሩ ተሰብስቦ ከአባልነት ይታገድ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ የእግድ ደብዳቤውን የማዘጋጀው ደግሞ እኔ ነኝ። አንዲት እኅትና እኔ «ከመወሰናችን በፊት እርሱን ራሱን ጠርተን እንስማው፣ ለደብሩ አባቶችም እናሳውቅ» ብለን ስናመለክት፣ «ከመናፍቅ ጋር መነጋገር በር መክፈት ነው፤ እንዲህ የሚለው ለሃይማኖቱ የማይቀና ሰው ነው» የሚል መልስ ተሰጠን። ከብዙ ክርክር በኋላ ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ» እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ምዕራፍ ግን የበግ ለምድ ለብሰው ከሚመጡ ሐሰተኞች ነቢያት እንድንጠነቀቅ አዝዟል። እኔን ያስጨነቀኝ ሁለቱን ትእዛዛት አንድ ላይ መጠበቅ የሚቻልበት መንገድ ነው። አንድን ሰው ከመፍረድ በፊት መስማትና መመርመር ለስሕተት ቦታ መስጠት ነውን? ወይስ ራሱ የሃይማኖት ግዴታ ነው? በዚህ ጉዳይ የመፍረድ ሥልጣንስ የማን ነው? መጽሐፍ የተማራችሁ አባቶች ብትመልሱልኝ ታላቅ ዕዳ ይኖርብኛል።

ዘደንቢያ

ልጄ፣ ጥያቄህ የሚገባ ጥያቄ ነው። ወጣትነቴን በጎንደር ጉባኤ ቤቶች በትምህርት ያሳለፍሁ ነኝና ከዚያ የቀሰምሁትን ላካፍልህ።

በዐቢይ ጾም ሰባተኛውን እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን «ኒቆዲሞስ» ብላ ሰይማ የምታከብረው ለምን እንደ ሆነ አስብ። ኒቆዲሞስ ፈሪሳዊና የአይሁድ አለቃ ነበር፤ በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ ስለ ዳግም ልደት ሲነገረው «ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ሊወለድ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ፤ ተመልሶም «ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» አለ። ጌታ የእስራኤል መምህር ሆኖ ይህን አለማወቁን በግልጽ ነግሮታል፤ ነገር ግን አላባረረውም፤ ከዚያ ሌሊት ውይይት «እግዚአብሔር አንድያ ልጁን እስኪሰጥ ድረስ ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና» የሚለውን ቃል አገኘን። አሁን ደግሞ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7ን ተመልከት። የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ጌታን ሊያስይዙ ሲመክሩ፣ ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ «ሕጋችን አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማ ምንስ እንዳደረገ ሳያውቅ በሰው ይፈርዳልን?» አለ። ያ ሰው ኒቆዲሞስ ነው። ጠይቆ የተሰማ ሰው ሌላው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት ተከራከረ። የተሰጠውንም መልስ ልብ በል፤ «አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?» አሉት። በስብሰባችሁ «ለሃይማኖቱ የማይቀና» ተብላችሁ የተዘለፋችሁት ዘለፋ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ስለዚህ አትደንግጡ።

በብሉይ ኪዳን ደግሞ ለእናንተ ጉዳይ እጅግ የሚቀርብ ታሪክ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 22 ተጽፏል። የሮቤል ልጆች፣ የጋድ ልጆችና የምናሴ ነገድ እኩሌታ በዮርዳኖስ አጠገብ ታላቅ መሠዊያ ሠሩ። ይህ በተሰማ ጊዜ የእስራኤል ማኅበር ሁሉ ሊወጋቸው በሴሎ ተሰበሰበ። ጥርጣሬያቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ከማደሪያው ድንኳን ውጪ ለመሥዋዕት መሠዊያ መሥራት በሕጉ የተከለከለ ነበርና። ሆኖም ጦር ከመስበቃቸው በፊት ካህኑን ፊንሐስንና ዐሥር አለቆችን ላኩ። እነዚያም ሄደው ነገሩን ፊት ለፊት፣ ያውም በጠንካራ ቃል ጠየቁ። የተገኘው መልስ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ መሠዊያው የተሠራው ለመሥዋዕት ሳይሆን፣ ወደፊት ልጆቻቸው «ከእግዚአብሔር ዘንድ ዕድል ፈንታ የላችሁም» እንዳይባሉ ምስክር እንዲሆን ነበር። ፊንሐስ በዘኍልቍ ምዕራፍ 25 እንደምናነበው ለእግዚአብሔር በመቅናት ተወዳዳሪ የሌለው ሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ያ ቅናት ያለው ካህን ሄዶ ጠየቀ፣ ሰማ፣ ነገሩም ደስ አሰኘው። ከእርሱ በላይ ለሃይማኖት እንቀናለን የሚሉ ካሉ የእርሱን መንገድ ይከተሉ።

ሥልጣንን በተመለከተ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሥራ አመራር በአባላት ሥነ ሥርዓት ላይ የመወሰን ድርሻ ይኖረዋል፤ አንድን ክርስቲያን መናፍቅ ብሎ መለየት ግን የእርሱ ሥራ አይደለም። ያ ጉዳይ ከደብሩ አስተዳዳሪና ካህናት ተነሥቶ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነትና ወደ ሀገረ ስብከት የሚሄድ፣ በስተ መጨረሻም የሊቃውንት ጉባኤና የቅዱስ ሲኖዶስ ጉዳይ የሚሆን ነው። ደግሞም አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በጉባኤ ቤት አንድ ተማሪ ንባብን፣ ዜማንና ቅኔን ተምሮ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ሲገባ፣ አስመስክሮ ወንበር እስኪተክል ድረስ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዓመታትን ይፈጃል። ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን አራቱን ጉባኤያት የፈጸመ ሰው ነው «አራት ዐይና» የሚባለው። እነዚያ ሊቃውንት በሰው ሃይማኖት ላይ ቃል ለመስጠት የሚዘገዩትን ያህል መዘግየት ያየሁት በሌላ ቦታ አይደለም። ትንሽ ያነበበ ግን ለመፍረድ ይፈጥናል፤ ይህ የሚያሳዝን እውነት ነው።

ዘበአታ

የአባታችንን ቃል በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ሆኖም በሌላኛው በኩል ያለው ሥጋት በቀላሉ መታየት የለበትም ብዬ አምናለሁ። እኔም በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ፤ በአገልግሎት ሽፋን ገብተው ወጣቶችን ለየብቻ እየያዙ በቤት ጉባኤ ሌላ ትምህርት ያስተማሩ ሰዎች በብዙ ቦታ እንደ ነበሩ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሐዋርያው ለቲቶ ሲጽፍ መለያየትን የሚያነሣን ሰው አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ ከገሠጹት በኋላ መራቅ እንደሚገባ አዝዟል። ቅዱስ ዮሐንስም በሁለተኛው መልእክቱ ይህን ትምህርት ሳይዝ የሚመጣውን በቤታችሁ አትቀበሉት ብሏል። ሠለስቱ ምዕት የተባሉት አባቶች በኒቅያ ጉባኤ መናፍቁን አርዮስን ሲያወግዙ ትሕትና ጎድሏቸው ነበር የሚል ኦርቶዶክሳዊ የለም። ትሕትና ማለት በእውነት ላይ ዝም ማለት ከሆነ እነ አትናቴዎስና እነ ቄርሎስ ሁሉ ትዕቢተኞች ሊሆኑ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ይህ ወንድም ጥያቄውን ያቀረበው ገና ወተት በሚጠጡ ሕፃናትና ወጣቶች ፊት ነው። የሚጠይቅ ሰው ቅን ቢሆንም እንኳ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ በጉባኤ ፊት ሲደጋገም ደካማውን ሊያሰናክል ይችላል። ስለዚህ ቢሰማም በጓዳ ይሰማ፣ እስኪጣራም ድረስ በመድረክ አይናገር እላለሁ። የእግድ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ይሰማ የሚለውን ግን አልቃወምም፤ አባታችን የጠቀሱት የፊንሐስ ታሪክ አሳምኖኛል።

ዘደንቢያ

ልጄ ዘበአታ፣ ሥጋትህ እውነተኛ ነው፤ በጓዳ ይሰማ ማለትህም ትክክል ነው። ሆኖም ያነሣኸው የጉባኤያት ታሪክ ራሱ እኔ ለምናገረው ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ325 በኒቅያ ጉባኤ አርዮስ በአካል ተገኝቶ ነበር፤ ሊቃውንቱ የሚለውን ሰምተው፣ ከመጻሕፍት ጋር አስተያይተው ነው ያወገዙት። ከዚያም በፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ እለእስክንድሮስ በራሱ ሀገረ ስብከት ጉባኤ ሰብስቦ ጉዳዩን መርምሯል። በዚያው አቈጣጠር በ431 በኤፌሶን ደግሞ ንስጥሮስ ሊመጣ ባልፈቀደ ጊዜ ጉባኤው እስከ ሦስት ጊዜ መልእክተኞች ልኮ ጠርቶታል። ቅዱስ ቄርሎስ የንስጥሮስን ትምህርት ያወቀው በወሬ አልነበረም፤ ደብዳቤ ጽፎለት፣ መልሱን ተቀብሎ፣ የጻፈውን አንብቦ ነው። የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ሦስት ጊዜ ከተጠራ፣ ምንጣፍ ሲያነጥፍ የከረመ ወጣት አንድ ጊዜ ይጠራ ዘንድ አይገባውምን? ሐዋርያው ለቲቶ «አንድ ጊዜ ሁለት ጊዜ» ሲልም መገሠጽን ያስቀደመ እንደ ሆነ አትርሳ፤ ማንም የማያናግረውን ሰው ሊገሥጸው አይችልምና።

ዘጎርጎራ

ውይይታችሁን በደስታ እየተከታተልሁ ነው። ከአካባቢያችን ታሪክ አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው በከፊል ብቻ ስለ ሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሁለት የተለያዩ የካቶሊክ መምህራን በሀገራችን አስተምረዋል። የመጀመሪያው ፔድሮ ፓኤዝ ነው፤ ሱስንዮስ ከመንገሡ በፊት በ1603 ገባ። ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሲሞክር ተይዞ በየመን ለዓመታት እስረኛ ሆኖ ነበር። ከገባ በኋላ ግዕዝንና አማርኛን ተማረ፤ የሀገሪቱን ታሪክ የሚተርክ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከካህናቱ ጋር ተቀምጦ ተወያየ፤ በ1622 በጎርጎራ ዐረፈ። እኔ የእምነቱ ተከታይ አይደለሁም፤ ዓላማውም ሕዝቡን ወደ ሮም መመለስ እንደ ነበር አልዘነጋም። ነገር ግን ሰውየው ከመናገሩ በፊት ተምሮ ነበር፤ ስለዚህም የማይስማሙት እንኳ ሰምተውታል።

ሁለተኛው በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ነው። ይህ ሰው የመጣው ፍርዱን አስቀድሞ ይዞ ነበር። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ፣ ማለትም ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ በክርስትና የኖረን ሕዝብ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ የጾምና የበዓል አቈጣጠሩ እንዲለወጥ አዘዘ። ሕዝቡ ምን እንደሚያምን፣ ለምን እንደሚያምን፣ ሰንበትንና ግዝረትን በምን ሐሳብ እንደሚጠብቅ ለመጠየቅና ለመረዳት ፈቃደኛ አልሆነም። ውጤቱ በላስታና በሌላውም ቦታ የተነሣው ዐመፅ ነው። በ1632 በተደረገ አንድ ጦርነት በሺህ የሚቈጠሩ የገዛ ሀገሩ ሰዎች ወድቀው ያየው ንጉሥ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጆ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲል ተወ። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1636 ነው። ዛሬ ግንቡን ለሚጎበኝ እንግዳ የምንነግረው የሕንፃውን ውበት ነው፤ ከተማዋ የተመሠረተችው ግን ሳይሰሙ በመፍረድ የፈሰሰው ደም ገና ሳይደርቅ ነበር።

እኛም ብንሆን ከዚህ ነጻ አልነበርንም። ከዚያ በኋላ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተነሣው፣ የቅባትና የጸጋ በተባለው ክርክር የራሳችን ሊቃውንት እርስ በርስ እየተወጋገዙ፣ ዛሬ ይህ ወገን ነገ ያ ወገን በቤተ መንግሥት ድጋፍ ሌላውን እያሳደደ፣ ነገሩ በ1878 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን እስከ ተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ዘልቋል። በሜንዴዝ ላይ የምንቈጣውን ቍጣ በራሳችን ላይም ማዋል ይገባናል።

ስለዚህ ለጠያቂው ወንድሜ የምለው፣ «መነጋገር በር መክፈት ነው» የሚሉት ወንድሞች ታሪክን መልሰው ያንብቡ። ቤተ ክርስቲያናችንን በዚያ ዘመን ከመከራ ላይ የጣላት በር መክፈት አልነበረም፤ ሥልጣን ያለው ሰው ሳይማር መፍረዱ ነበር።

ወለተ ኪዳን

እኔ የተማርሁ አይደለሁም፤ በወለቃ አቅራቢያ ያደግሁ እናት ነኝ። ዘጎርጎራ ወንድሜ የታላላቆቹን ታሪክ ነገረን፤ እኔ ደግሞ በመንደራችን የነበረውን ልናገር።

በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። በእነርሱ እጅ በተሠራ ድስት ወጥ እየሠራን፣ እነርሱ በቀጠቀጡት ማረሻ እያረስን፣ «ቡዳ ናቸው፣ ሰው ይበላሉ» እንል ነበር። ልጅ ሲታመም ጥርጣሬው ወደ እነርሱ ነበር። ከመካከላችን ስንቱ ነው ቤታቸው ገብቶ፣ አብሯቸው ተቀምጦ፣ ምን እንደሚያምኑና እንዴት እንደሚኖሩ የጠየቀ? አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ አሁን ልንጠይቃቸው ብንፈልግም አናገኛቸውም። ያንን ያወሩት ክፉ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ የሚጾሙና የሚያስቀድሱ ሰዎችም ጭምር ነበሩ። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ጾምና ስግደት ከሐሜት ጋር በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተስማምተው ሊኖሩ ይችላሉ።

ስለ ነቢዩ ሳሙኤል እናት ስለ ሐና የተጻፈውንም አስታውሱ። በቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ተቈጣት። እርሷ ግን «ጌታዬ ሆይ፥ አይደለም» ብላ በትሕትና መለሰች፤ እርሱም ቃሉን መልሶ «በደኅና ሂጂ» ብሎ መረቃት። ሐና መልስ የመስጠት ዕድል ባታገኝ ኖሮ ዔሊ ከቤተ መቅደስ ያስወጣት ነበር። ለዚህ ልጅ ያንን ዕድል ስጡት። እናቱም በሌላ አገር ሆና ልጄ በጎንደር ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል ብላ ደስ እያላት ይሆናል።

የቀሃ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ወለተ ኪዳን፣ የጻፉትን ለዚያች እኅት አነበብሁላት፤ አለቀሰች። የአባታችንንና የዘጎርጎራን ጽሑፍ አትሜ ለሰብሳቢያችን ሰጥቼዋለሁ፤ የዘበአታንም አብሬ ሰጥቻለሁ፣ ሥጋቱ እንዳልተናቀ እንዲያውቅ ብዬ። እርሱም ጥቂት አስቦ፣ «የደብሩ አስተዳዳሪ ከፈቀዱ ልጁን እንጥራው» ብሏል። አስተዳዳሪው ፈቅደዋል፤ አንድ ካህንና ሁለት የሥራ አመራር አባላት ተመድበዋል፤ እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ።

አባታችንን አንድ ነገር ልጠይቅ። ውይይቱ እንደ ችሎት እንዳይሆን እንዴት እንጀምር? ጥያቄውስ ራሱ፣ ማለትም ስለ አንዱ መካከለኛ የጠየቀው፣ እንዴት ይመለስለት? ከእኛ መካከል አጥርቶ ሊያስረዳው የሚችል ሰው የለም፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን ያወገዝነው እኛም መልሱን የማናውቀውን ጥያቄ ነው።

ዘደንቢያ

ልጄ፣ ይህን የመጨረሻውን ነገር ማስተዋልህ ደግ ነው፤ እነዚያ የሥራ አመራር አባላትም ቢሰሙት ይጠቅማቸዋል።

አጀማመራችሁን ከዲያቆኑ ፊልጶስ ተማሩ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የእኛው አገር ሰው ጃንደረባው ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ሮጦ ቀረበና በመጀመሪያ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። ጃንደረባውም «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለና ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስ በሠረገላው ከጎኑ ተቀመጠ፤ ከዚያም ሰውየው ያነብ ከነበረው ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ አስተማረው። እናንተም ሦስት ሆናችሁ ከጠረጴዛ ማዶ፣ እርሱን ብቻውን ከወዲህ አታስቀምጡት፤ የንስሐ አባት ካለው አብረውት ይቀመጡ። «ተሐድሶ ነህ ይባላል» በሚል ቃልም አትጀምሩ። «ያን ዕለት የጠየቅኸው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል፤ ዛሬ አብረን እናንብበው» በሉት። ስለ ሥራ ባልደረቦቹ ማንነት ከቶ አትጠይቁት፤ ጌታችን ከማን ጋር እንደሚበላ ያጕረመረሙት እነማን እንደ ነበሩ ታውቃላችሁ።

ጥያቄውን በተመለከተ መጽሐፉን ከቁጥር 5 ሳይሆን ከምዕራፉ መጀመሪያ አንብቡለት። ሐዋርያው በቁጥር 1 ላይ ልመና፣ ጸሎት፣ ምልጃና ምስጋና ስለ ሰዎች ሁሉ እንዲደረጉ ያዝዛል። ወዲያውም በቁጥር 5 መካከለኛው አንድ ነው ይላል፤ በቁጥር 6 ደግሞ ያ መካከለኛ ራሱን ለሁሉ ቤዛ አድርጎ እንደ ሰጠ ይናገራል። ስለዚህ አንዱ ስለ ሌላው መለመኑ የክርስቶስን መካከለኛነት የሚቃወም ቢሆን ኖሮ ሐዋርያው ሁለቱን በአንድ ቦታ አያዝዝም ነበር። ክርስቶስ መካከለኛ የሆነው በደሙ አስታርቆን፣ ቤዛ ሆኖን ነው፤ በዚህ ማንም ቅዱስ አይተካውም፣ ቤተ ክርስቲያንም ይተካዋል ብላ አታስተምርም። የቅዱሳን ምልጃ ግን ጸሎት ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 20 እግዚአብሔር ራሱ አቤሜሌክን አብርሃም ስለ አንተ ይጸልያል ብሎታል፤ በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 42 ደግሞ ወዳጆቹን ወደ ኢዮብ ልኳቸዋል። በዕረፍተ ሥጋ ስለ ተለዩት ቅዱሳን ከጠየቀም፣ ጌታ እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ እንጂ የሙታን አይደለም ያለውን አሳዩት፤ ካህኑም በዚያ ላይ ያስፋፉለት። ይህን ሁሉ ለማስረዳት አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ በመጀመሪያው እሑድ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ወሬውም ባልተነሣ ነበር።

ሰምቶ ከተረዳ ወንድማችሁ ነው፤ ይማር፣ ያገልግል። ለመረዳት ጊዜ ከፈለገም ጊዜ ስጡት፤ ዘበአታ እንዳለው እስከዚያው ጥያቄውን በመድረክ ሳይሆን ለካህኑ ያቅርብ። ሰምቶ፣ ተረድቶ፣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አልቀበልም ቢል ግን ያን ጊዜም እናንተ አትፍረዱ፤ ቃለ ጉባኤውን እርሱ ራሱ አንብቦ ከፈረመበት በኋላ በአስተዳዳሪው በኩል ለወረዳ ቤተ ክህነት ይተላለፍ። የእግዱን ደብዳቤ ከውይይቱ በፊት አዘጋጅተህ እንዳትጠብቅ፤ ረቂቁም ቢሆን በኪስህ አይኑር።

ዘበአታ

የቀሃ ልጅ፣ አጥርቶ የሚያስረዳ ካጣችሁ በሐዲሳት ጉባኤ የተማሩ አንድ ቄስ አውቃለሁ፤ ለደብሩ አስተዳዳሪ ነግረህ ከፈቀዱ፣ በዕለቱ ይዣቸው እመጣለሁ። ቀኑንና ሰዓቱን በግል መልእክት ላክልኝ።